በራችን ላይ በዓመት አንዴ የሚጠራው ስም

ይህ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነው። ማል ብትሉኝ እምላለሁ።

ቀኑ ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርእዮ ማርያም። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት። ቦታው ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የእናቴ ቤት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ የለ፣ ጅብ የለ... እኔም ለዚህ ነው ያልፈራሁት።

በቤታችን ሲወራ የኖረ ነገር አለ። የእናቴ ቅድመ አያት አይናዲስ በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት፣ የሚጠባ ልጇን አስተኝታ፣ እንስራዋን አዝላ ምንጭ ወረደች።

እንስራው ሞልቶ ተገኘ። እሷ ግን አልተገኘችም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የቤቱ ትልቅ ሴት በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ ትጠራታለች፤ ተረሳሁ ብላ እንዳታዝን። ሕጉ ሁለት ነው። ማንም «አቤት» አይልም። ስሟም ለልጅ አይወጣም።

እኔ ብልጡ፣ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ሚኒባስ መንዳት ስጀምር ይህን ሁሉ ናቅሁት። ስሙን ስለምወደው ለልጄ አወጣሁላት። አይናዲስ። አምስት ዓመቷ ነው። እናቴ አንድ ቀን እንኳ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ሙሽራዬ» ነው የምትላት።

የዚያን ቀን ልጄን ይዤ ስገባ የእናቴ ፊት ጠቆረ።

«በላቸው... ዛሬን ለምን አመጣሃት?»

«ለበዓሉ ነዋ፣ እማዬ።»

«በል አፏን ያዝልኝ። አደራ... በሩን እስክዘጋ እንዳትለቃት።»

እየሳቅሁ ያዝኋት። እናቴ በሩን ከፈተች።

«አይናዲስ!»

ዝም።

«አይናዲስ!»

የልጄ ከንፈር በመዳፌ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ጠበቅ አደረግሁ።

«አይናዲስ!»

«አቤት...»

ከውጭ ነው። ከምንጩ በኩል።

ድምፁ ግን የልጄ ነው... አፏ በእጄ እንደታፈነ!

ክው አልሁ። ለቀቅኋትና ወደ ውጭ ሮጥሁ። ማንም የለም። ደረቁ አፈር ላይ ትንንሽ እርጥብ የባዶ እግር ዱካዎች አሉ። ከደጃፋችን ተነስተው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ።

ስመለስ ልጄ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋም በእግሯ ነው። ተመስገን አልሁ።

«ለቀቅሃት?» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

«ለአፍታ ነው እኮ...»

በሩን ቀረቀረችና ማልቀስ ጀመረች።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ፣ ሁልጊዜ መሪ ካልያዝሁ ብላ የምታስቸግረኝ ልጅ ጭጭ አለች። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ሃኒ አቀፈቻትና «ምነው ጀርባዋ ራሰ?» አለችኝ። ቀሚሷን ቀየርንላት።

እንደገና ራሰ። እንስራ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ...

በማግስቱ፣ ሃኒ ገበያ ሄዳ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ልጄን አልጋው ላይ ትራስ ታቅፋ እሹሩሩ ስትል አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?»

«አስተኝቼው ነበር የሄድሁት...» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«በላቸው... ልጅህ አጠገብህ ናት?»

«አዎ... ምነው?»

«በሬ ላይ ሕፃን ታለቅሳለች። ባዶ እግሯን ናት። አባዬ ጋ ውሰጂኝ ትላለች... ሙሽራሽ ነኝ ትላለች...»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ።

«በላቸው... ልክፈትላት?»

ክፈቺላት ልላት አፌን ስከፍት፣ አጠገቤ ያለችው ትራሷን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ተጠጋችኝ።

በስልኩ ውስጥ፣ ከእናቴ በር ማዶ፣ ልጄ ተጣራች።

«አባዬ!»

ትንሽ እርጥብ መዳፍ አፌ ላይ አረፈ።

«አባዬ!»

ጠበቅ አደረገችው።

«አደራ...» አለችኝ በጆሮዬ። «አቤት እንዳትል።»

«አባዬ!...»