በአጭር የታሰረችው ጀልባ

የጉዞ ኩባንያው በራሪ ወረቀት ደሴቲቱን «ገነት» ይላታል። ገነት ውስጥ ሰው ገደል ግርጌ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ እንደሚገኝ ግን አልጻፈም። በራሪ ወረቀት መቼ እውነት ጽፎ ያውቃል?

መርማሪዋ ስትደርስ የጉዞ መጽሐፍ ደራሲው ሬሳ በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። እኩለ ቀን ላይ ዓሣ አጥማጆች ከማዶዋ ትንሽ ደሴት ያመጡት ነው። ሐኪሙ «ጎሕ ሲቀድ ሞቷል» ብሏል። ሽማግሌው ጀልባ ነጂ በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ጨርሰነዋል፣ አለቃ» አላት ፖሊሱ። «ትናንት እራት ላይ ‹የኤሊዎቹን ዳርቻ መጽሐፍህ ውስጥ ብታስገባ ከዚህ በእግርህ አትወጣም› ብሎ ዝቶበታል። ሟቹ የተሻገረበትም ጀልባ የእሱ ነው። ማምሻውን በመርከብ ወደ እስር ቤት ይሄዳል።»

«የዛተ ሁሉ ቢገድል አንተም እኔም እስር ቤት ነበርን።» መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «መርፌ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለችም። «ጀልባውስ?»

ጀልባው ከእንጨቱ መድረክ አጠገብ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ተቀብሮ፣ ቂጡ ሰማይ ሰማይ ያያል። መርፌ ተንበርክካ ገመዱን በእጇ ተከተለችው። ቋጠሮውን ያገኘችው ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከነከረች በኋላ ነው፤ ከምሰሶው ሥር፣ ጥርቅም ብሎ። እጅጌዋን ጨመቀች።

የማረፊያው ባለቤት የሽማግሌው ታናሽ እህት ናት። ወጥ ቤቷ ውስጥ ዓሣ እየፋቀች «ጋሼ ሰው አይገድልም» አለች።

«እህት እንዲህ ካላለች ማን ይላል? የሟቹ ማስታወሻ ደብተር ጠፍቷል። የክፍሉ ቁልፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከዱቄቱ ጆንያ ውስጥ ደብተሩን አወጣች። «እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ። ‹ጓደኛዬ እንዳያየው› ብሎ።»

«ለፖሊሱ ለምን ደበቅሽ?»

«ኤሊዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት የማዶዋ ደሴት ዳርቻ የት እንደሆነ ተጽፎበታል፤ ጎብኚ ከጎረፈበት ኤሊዎቹ አለቁ። ፖሊስ ያነበበውን ማን ሳያነበው ይቀራል?»

በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ኤሊዎቹ የተጻፈው ሁሉ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ፦ «ሽማግሌው እውነቱን ነው። ይቅር።»

የሟቹ ጓደኛ፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ክፍሉ ውስጥ የካሜራውን መስታወት ይወለውላል። ከሟቹ ሌላ ያለው እንግዳ እሱ ብቻ ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ። ባሕር ያዞረኛል። ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ ቀዘፋ ላይ አድጌ፣ ይህ ያሳፍራል።»

«የመጽሐፉ ሽፋን ምን ነበር?»

«ኤሊዎቹ ጎሕ ሲቀድ ወደ ባሕር ሲገቡ። ዐሥር ዓመት የጠበቅሁት ፎቶ ነው። እኔና እሱ ደግሞ ተጣልተን አናውቅም።»

መርፌ ስለ ጠብ አልጠየቀችውም ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ባሕሩ ጎድሎ የምሰሶዎቹ እግር እስከ አረንጓዴው ዝቃጭ ታየ። መርከቧ ከሩቅ ትጮኻለች።

«ካቴናውን ፍታለት» አለችው ፖሊሱን። «ሦስቱም በየተራ እኔ የመጣሁባትን ጀልባ ያስሩልኛል።»

ፖሊሱ እያጉረመረመ ፈታው። ሽማግሌው ገመዱን ከምሰሶው ጫፍ ላይ አጥልቆ ረዘም አድርጎ ለቀቀው። እህቱም ሳታይ እንደዚያው አደረገች። ፎቶግራፍ አንሺው ጎንበስ ብሎ፣ ከምሰሶው ሥር፣ በአጭሩ ጥርቅም አድርጎ ቋጠረ። የሚያምር ቋጠሮ ነው።

«እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል» አለች መርፌ። «ጎሕ ሲቀድ እንደ አሁኑ ጎድሎ ነበር። ያን ጊዜ ከሥር በአጭሩ የታሰረ ጀልባ ውሃው ሲሞላ መነሣት አይችልም፤ አፍንጫው ይሰጥማል። የደሴቱ ሰው ይህን ከጡት ጋር ይጠባዋል። እንዲህ የሚያስር ውሃው ትቶት በሄደበት ከፍታ ይቆየኛል የሚል ሰው ነው። የሐይቅ ልጅ።»

«እሱም እንግዳ ነበር» አለ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ በረንዳው እየጠቆመ።

«ሬሳ ተመልሶ መጥቶ ጀልባ አያስርም። ደብተሩን ቢደብቅብህም ዳርቻውን እንደሰረዘው ነገረህ። ‹ለመጨረሻ ጊዜ እንየው› ብለህ ወሰድኸው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ገደሉ ላይ ስትከራከሩ ገፋኸው።»

«በቋጠሮ ሰው አይፈረድበትም።»

«አይፈረድበትም። ካሜራህን ስጠኝ።»

ሰውየው ካሜራውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ጓደኛህ ከታች ወድቆ፣ ኤሊዎቹ ወደ ባሕር ሲገቡ፣ ዐሥር ዓመት የጠበቅኸውን ትተህ አትመጣም። ይህን ያህል አውቄሃለሁ።»

ፖሊሱ ካሜራውን ከእጁ ፈልቅቆ ከፈተው። የመጨረሻው ፎቶ የዛሬ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ጠዋት። ኤሊዎቹ በወርቃማው አሸዋ ላይ ተሰልፈዋል። በእውነት ያምራል። ፎቶግራፍ አንሺው ፎቶውን እንጂ ፖሊሱን አላየም፤ ካቴናው ሲገባበት እንኳ።

«አለቃ» አለ ፖሊሱ ጎሮሮውን እየጠራረገ፣ «ሬሳው የተገኘበትን ቦታ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ገደል ግርጌ።»

«ስለ ኤሊዎቹስ?»

«ኤሊ ነው እንዴ የገደለው?»

ሽማግሌው የቆሰለ የእጁን አንጓ እያሻሸ ጎንበስ አለ። የሐይቁን ልጅ ቋጠሮ ፈታና ጀልባዋን እንደገና አሰራት፤ ለሚመጣው ሙላት ገመዱን ረዘም አድርጎ።