ከአሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር በላይ

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ውሸት ከሆነ የምለቀው ፊኛ እኔኑ አንጠልጥሎ ይውሰደኝ። «አንተ ደግሞ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ዝሆን በፊኛ አሳፍሬ ሸኘሁ ብዬ ግማሽ ሰፈር ያሳመንኩ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሞቶበታል።

አለቃችን የተገኙት ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ከብረቱ ደረጃ ግርጌ፣ አንገታቸው ተሰብሮ ነው።

የአየር ጠባይ ጣቢያችን ኮረብታ ላይ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። አራት ነበርን፦ አለቃ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጃቸው፣ ፎቁ ላይ መቀበያ መሣሪያው ዘንድ የሚቀመጠው አማቻቸው፣ እና ሁሉም «ነፋሱ» የሚለኝ እኔ። የኔ ሥራ በየጠዋቱ በሁለት ሰዓት ፊኛ በጋዝ ሞልቶ መልቀቅ ነው። ፊኛው ሥር የምትንጠለጠል ትንሽ ሳጥን እየወጣች ሙቀቱን በሬዲዮ ትናገራለች። አማችየው ሰምቶ ይጽፋል፣ አለቃ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

መርማሪዋ ቀጭን ሴት ናት፤ ፖሊሶቹ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል።

«ከሟች ጋር የተጣላ አለ?» አለች።

አማችየው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ነፋሱ ነዋ! ትናንት የጋሽዬን ባርኔጣ ፊኛ ላይ አስሮ ለቀቀው። ‹ከነገ ወዲያ እዚህ እንዳላይህ› ብለውታል።»

«እውነት ነው?»

«ባርኔጣው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወጥቷል» አልኩ። «አለቃ ራስ ላይ ሆኖ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም።»

ማንም አልሳቀም። ያኔ ወህኒ ቤቱ ሸተተኝ።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው አማችየውን።

«ፊኛው ከተለቀቀ እስኪፈነዳ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም። ይኸው ወረቀቱ፤ ከመሬት እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አንድ መስመር አልተዘለለም።»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። አንድ ጆሯቸው ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አንስታ አየችበት። «የማንበቢያ ነው። ይህን አድርጎ ደረጃ የሚወርድ የለም፤ ደረጃው ይጠፋበታል። እላይ ቆመው እያነበቡ ነበር ማለት ነው። ታዲያ የሚያነቡት የታለ?»

እጃቸው ባዶ ነበር።

«መነጽሩ አዲስ ነው» አለች ልጅቱ። «ትናንት ነው ያመጣሁለት። አባዬ ስንት ዓመት ‹ፊደሉ ጉንዳን ሆነብኝ› እያለ ሳያነብ ነበር የሚፈርመው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተንሸራቶ ነው ብለው ይጻፉልኝ። ነፋሱ እንደ ወንድሜ ነው፣ ያኛው ባሌ ነው። ከሁለቱ በቀር ሰው የለኝም።»

«ልጄ» አለች መርማሪዋ፣ «የማልፈልገውን ስጽፍ ነው ያረጀሁት።»

የዛሬውን ወረቀት ይዛ ፊኛ ወደምለቅበት ግቢ መጣች። «ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይበርዳል አይደል?»

«እስከ አንድ ቦታ ነው። አለቃ እንዳስተማሩኝ ሰማይ ንብርብር ነው። የመጀመሪያው ንብርብር እንደተጣደ ድስት ከታች ነው የሚሞቀው፤ የሚያሞቀው መሬቱ ነው፣ ስለዚህ ከመሬት በራቁ ቁጥር ይበርዳል። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያ ያበቃል። ሁለተኛው ንብርብር ውስጥ ኦዞን የሚባል ጋዝ አለ፤ የፀሐይን ጨረር ይይዛል። ከዚያ በላይ መልሶ እየሞቀ ይሄዳል። ግን ከአራተኛ ክፍል በመስኮት የወጣ ሰው ይህን ሲያወራ ማን ያምነዋል?»

«እኔ» አለች። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ናት።

ሦስታችንንም ፎቁ ላይ ሰበሰበችን። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይህ ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው። ከዜሮ በታች ሰባ ስምንት ድረስ ይወርድና ይመለሳል። ይህ የዛሬው ነው። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ከዜሮ በታች መቶ ሰባ! ሳጥኗ እንዲህ አላለችም። የጻፈው ‹ከፍ ሲል ይበርዳል› ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

የመሣሪያውን ጀርባ ከፈተች። ሽቦው ከስሏል፤ ላዩ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ስለዚህ ማዳመጫው ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ አምስት እርምጃ ላይ ሰው ሲወድቅ አልሰማሁም ማለትህ ውሸት ነው። አለቃ ዛሬ ጠዋት በአዲሱ መነጽር የትናንቱን ወረቀት አነበቡ። ይዘውት ወጡ፤ በርህ ላይ ቆመው አነበቡልህ። ነፋሱ ገድሏቸው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ምን ያደርግለታል? የሚያስፈራው አንተን ብቻ ነው። ኪስህን ገልብጥ።»

የተጨማደደ ወረቀት ወጣ። ያልተፈረመበት።

«በገባሁ በሳምንቱ ተቃጠለ» አለ አማችየው፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። «ሦስት ዓመቱ ነው። መለዋወጫ ላኩ ብዬ አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ አራት ጊዜ ‹ደርሶናል› አሉኝ። ጣቢያው ሞቷል ብል ይዘጉታል፣ ሁላችንም ሜዳ ላይ እንቀራለን። ስለዚህ ከራሴ ጻፍኩ። ከሺህ በላይ ወረቀት! መቶ ሰባ ብዬ እንኳ አንድ ሰው አልደነገጠም። ጋሽዬ ‹አሁኑኑ ስልክ እደውላለሁ› አሉ። ወረቀቱን ልነጥቅ ስል አልለቅም አሉ። ገፋሁ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሺህ በላይ ፊኛ ለቅቄያለሁ። ሳጥኖቼ ሁሉ እላይ ሆነው ማንም ሳይሰማቸው ሲያወሩ ኖረዋል። እኔ እንኳ ሳወራ ቢያንስ የሚያሾፍብኝ አለ።

«መነጽሩን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ።

ባሏን ሲወስዱት አላየችውም። ወደ መርማሪዋ ዞራ «እውነት ከላይ መልሶ ይሞቃል?» ብላ ጠየቀች።

«ይሞቃል፣ ልጄ። ግን ያም ሆኖ ከዜሮ በታች ነው፤ የሚተነፈስ አየርም የለውም።»

መርማሪዋ ሁሉንም ጽፋ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላከች። በወሩ መልስ መጣ፦ «ደርሶናል።» ጣቢያው ተዘጋ።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ነገር ልናዘዝላችሁ፤ የልጅቱን ጥያቄ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ምንም አልጠየቀችም። «ከላይ እኮ መልሶ ይሞቃል» ያልኳት እኔ ነበርኩ፣ ሳትጠይቀኝ። ቀና ብላም አላየችኝ።