የጥቁሩ ደፍ ዋሶች

የሰምበላ ምንጭ ዝም ያለ ዕለት፣ ነገሩን ቀድሞ ያወቀው የመጻሕፍት ቤቱ ደፍ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ላበው። ኢልማት ጎንበስ ብላ በመዳፏ ጠረገችው፤ መልሶ ላበው። ቀና ስትል ከአደባባዩ በኩል፣ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ ሳያቋርጥ የሰማው የውሃ ድምፅ አልነበረም። ከተማዋ ትንፋሿን ውጣ የያዘች መሰለ።

«አባባ» አለች ወደ ውስጥ ዞራ፤ «ቆመ።»

አባቷ፣ የቤቱ አለቃ ውብራን፣ መልስ አልሰጡም። ሊሰጡም አይችሉም ነበር። ድምፃቸውን ደፉ ወስዶታል።

ሰምበላ በኤርቀል መንግሥት ዳርቻ፣ በጨው ሜዳው አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ቤተ መንግሥት የላትም፤ የጦር ግንብ የላትም። ያላት አንድ ምንጭና አንድ የመጻሕፍት ቤት ነው። ቤቱን የመሠረቱት ሰዎች በደፉ ላይ ሁለት ኪዳን አስረዋል፦ ማንበብ የፈለገ ሁሉ ይገባል፤ መጽሐፍ ግን ያለ ዋስ አይወጣም። ዋሱ መዳፉን በጥቁሩ ድንጋይ ላይ አኑሮ «እኔ ዋስ ነኝ» ካለ በኋላ፣ መጽሐፉ እስኪመለስ ድረስ ደፉን መሻገር አይችልም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ እግሩ እንቢ ይለዋል።

በደጉ ዘመን ይህ የከተማዋ መቀለጃ ነበር። ዋሶች በመደርደሪያዎቹ መካከል ያዛጋሉ፤ የላላ ጥራዝ ይሰፋሉ፤ ምሳቸው ከየቤታቸው ይመጣላቸዋል። አማቱን ዋስ ያስቀመጠ አንድ ሸማኔ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ የግጥም መጽሐፍ ክረምቱን ሙሉ አነበባት ተብሎ እስከ ዛሬ ይሳቃል። አለቃውም ለሚሸኙት ተዋሽ ሁሉ አንድ ቃል አላቸው፦ «ቀስ ብለህ አንብብ፤ ቶሎ ተመለስ።»

የመመለሻው ቀን ካለፈ ግን ሳቁ ያበቃል። ደፉ ከዋሱ መውሰድ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻ እስትንፋሱን። የወሰደውንም አይመልስም።

ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ መጣ። ካባው በጨው የነጣ፣ ንግግሩ የተመረጠ ሰው ነበር። የጠየቀው የምንጮችን መጽሐፍ ነው፤ በየዓመቱ በበጋ መግቢያ በአደባባይ የሚነበበውን። ሰምበላ ያንን ንባብ የበዓል ማድመቂያ እንጂ ውሃ የሚጠራ ነገር ነው ብላ አታምንም ነበር። እንግዳው በከተማዋ ዘመድ አልነበረውም። ሕጉ ደግሞ አንባቢ በዋስ እጦት አይመለስ ይላል፤ ሰው ያጣ ሲመጣ ዋሱ አለቃው ራሳቸው ናቸው። አለቃ ውብራን አላመነቱም። ቤታቸው ማንንም እንደማይመልስ ለባዕድ ማሳየት ኩራታቸው ነበር። መዳፋቸውን አኖሩ። እንግዳው እጅ ነስቶ ሄደ፤ አልተመለሰም።

አሁን ምንጩ ሲደርቅ የከተማዋ ሽማግሌዎች በጥድፊያ የመጽሐፉን ግልባጮች ከየሣጥናቸው አወጡ። ጸሐፊዎች በየዘመኑ የገለበጧቸው፣ ሐረጋቸው ያማረ ቅጂዎች ነበሩ። ኢልማት በአደባባዩ አነበበቻቸው። በየቀኑ ከቀትር በኋላ ፊደል ለማያውቁ ሰዎች የምታነብብ እሷ ነበረች፤ ቆዳ ፋቂዎች ሥራቸውን አቋርጠው የሚመጡት ለድምፅዋ ነው። ያ ድምፅ በደረቀው ገንዳ ላይ ዞረ። ጠብ ያለ ነገር የለም፤ ውሃው የሚሰማው ዋናውን መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስትመለስ አባቷ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሲሄዱ አየች። ግራ እግራቸው ወለሉን ይጠርግ ነበር።

በዚያው ቀን ሕዝቡን ሰብስባ በደፉ ፊት ቆመች።

«በዚህ ደፍ ላይ የቆማችሁ ስሙኝ» አለች። «ከዚህ ቤት የወጣውን መጽሐፍ ወደዚህ ቤት እመልሳለሁ። ጨው ሜዳው ቢዘጋብኝ እፈለቅቀዋለሁ፤ በር ቢዘጋብኝ አንኳኳለሁ። አባቴ በእግሩ ቆሞ ፀሐይ ሳይሞቅ እኔ አላርፍም።»

አለቃ ውብራን ከአንገታቸው የአለቅነታቸውን ምልክት ፈቱ፤ ከደፉ የተፈለጠች፣ ጥፍር የምታክል ጥቁር ድንጋይ ናት። በልጃቸው አንገት አሰሯት። እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቆየ።

መንገዱን ያውቃል የተባለው ሞርካ፣ እንስራ ተሸክሞ ያረጀ ውሃ ቀጂ ነበር።

«ጋሽ ሞርካ፣ ጨው ሜዳውን ታውቀዋለህ አሉኝ።»

«እንዴታ! አባቴ ገብቶበታል።»

«ተመለሰ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«ውሃ በሌለበት ከተማ ውሃ ቀጂ ምን ይሠራል? ቁጭ ብዬ እንስራዬን ላጫውት? በይ ተነሺ።»

ሦስተኛው ዘምቦር ነበር፤ ጥጃ የሚያክል፣ ጆሮው የረዘመ፣ የቤቱን ብራና ከአገር ማዶ የሚያሸት አውሬ። ቀን ያለፈባቸውን መጻሕፍት ሲያፈላልግ የኖረው እሱ ነው። የሰምበላ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ደጃፉ ላይ ሲቆም ግን ማንም ደስ አይለውም።

የጨው ሜዳው ሕግ አጭር ነው፦ አትቁም። የቆመ ሰው ዙሪያውን ጨው ይበቅልበታል። ሦስቱ ከገቡ በኋላ ነጩ ግድግዳ ከኋላ ተከተላቸው፤ ቀጥሎ በግራም በቀኝም ተነሣ። መንገዱ በሁለት መደርደሪያዎች መካከል እንዳለ መተላለፊያ ጠበበ። ኢልማት በእንዲህ ያለ ጥበት ውስጥ ስላደገች መጀመሪያ አልፈራችም። ሰማዩ ራሱ ክር አክሎ ሲቀር ግን እርምጃዋን አፋጠነች። እየሄዱ በሉ፤ እየሄዱ አንቀላፉ፤ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ጎተተው።

ዘምቦር ከፊት እየመራ መዳፎቹ ቆሰሉ። የሜዳው ዳር በሚታይበት ቦታ ላይ፣ አንዴ ብቻ፣ እግሩን ሊልስ ቆመ።

«አትቁም!» ጮኸች ኢልማት።

ጨው ከእግሩ ተነሥቶ እስከ ጆሮው ወጣ። ወደ እሱ ልትመለስ ስትል ሞርካ ክንዷን ይዞ ጎተታት። ስትወጣ ዘወር ብላ አየችው። ነጭ ሐውልት ሆኗል፤ አፍንጫው ግን ወደፊት እንደተቀሰረ ነበር።

አፍንጫው ባመለከተበት በኩል የቃጥራ ምሽግ ቆሟል። በደጃፉ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ሰዎች በዝምታ ተቀምጠዋል። በግቢው መካከል፣ በደረቀ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ያንን እንግዳ መጽሐፉን በጉልበቱ ላይ ይዞ አገኙት። የቃጥራ መስፍን ዶርጋን ነበር። ገጾቹን ከኋላ ወደ ፊት ይገልጣል።

ኢልማት በረጅሙ መንገድ ያዘጋጀችው የቁጣ ንግግር ከአፏ ጠፋ። «እርስዎ ማንበብ አይችሉም» አለች።

«አንተ ሰው!» ሞርካ ጮኸ። «አንብቡልኝ ማለት ይህን ያህል ያቅታል? አንዲት ቃል እኮ ናት!»

«መስፍን ነኝ» አለ ዶርጋን ቀና ሳይል። «በባዕድ አገር ቆሜ ፊደል አላውቅም እንድል ነበር የፈለግኸው? ቃጥራ ውስጥ የሚያነብብ አንድ ሰው የለም። ስገልጠው ውሃው ይሰማኛል ብዬ ነበር። በየቀኑ ገለጥሁት።»

ኢልማት መጽሐፉን ከእጁ ወሰደች። ዶርጋን አልከለከላትም። በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ አነበበች፤ ከምድር ሥር መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ፣ ቀጥሎ እንደ ሳቅ ያለ ድምፅ መጣ። የቃጥራ ሰዎች በእንብርክካቸው ወደ ውሃው ሄዱ። እናቶች ልጆቻቸውን ካጠጡ በኋላ ነው የጠጡት።

ወዲያው የምሽጉ በር ተዘጋ።

«ይቅር በይኝ» አለ ዶርጋን፤ በሩ ላይ ጦረኞች ቆመዋል። «ያለ ጊዜው የተጠራ ውሃ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከበጋ መውጫ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ማን ያነብብልናል? መጽሐፉም አንቺም ከዚህ አትወጡም።»

ሞርካ ጦረኞቹን ቆጥሮ ዱላውን ጣለ። ኢልማት ግድግዳዎቹን ዞር ብላ አየች። ጨው ሜዳው ተከትሏት የገባ መሰላት። ከዚያ በግቢው ጥግ ያለውን ባዶ ጎተራ አየች፤ እጇ ወደ አንገቷ ሄደ።

«መስፍን ሆይ» አለች፤ «ሰምበላ በበጋ መግቢያ ታነብባለች፤ ቃጥራ በበጋ መውጫ ታንብብ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት አገር ይበቃል። ይህ ጎተራ የመጻሕፍት ቤት ይሁን፤ ይህችን ድንጋይ በደፉ እተክላለሁ። መጽሐፉ ከዚህ ቤት በውሰት ወደ አባቴ ይሂድ፤ በበጋ መውጫ ይመለሳል። እኔ ዋስ እሆናለሁ። እርስዎ ደግሞ ይህ በር ለጠየቀ ሁሉ፣ ለጌታውም ለእረኛውም፣ እንዳይዘጋ ይምሉ።»

«ባይመለስስ?»

«ሕጉን ያውቁታል። በአባቴ ላይ ጥለውት የሄዱት ነው።»

ዶርጋን ዐይኗን ሸሸ። ማለ።

ኢልማት ድንጋይዋን ከአንገቷ ፈትታ በጎተራው ደፍ ተከለቻት። ሞርካ መጽሐፉን ተቀብሎ በደረቱ አቀፈ። «ልጄ፣ ተዪ። ሽማግሌዎቻችንን አውቃቸዋለሁ። አንዴ ካገኙት ቆልፈው ነው የሚያስቀሩት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አባባም ያውቃቸዋል።» መዳፏን በድንጋይዋ ላይ አኖረች። «እኔ ዋስ ነኝ። ጋሽ ሞርካ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ቶሎ ተመለስ።»

የቃጥራ የመጻሕፍት ቤት አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ እሱም ወጥቷል። ኢልማት ግድግዳዎቹን አስጠረገች፤ በከሰል ፊደል ጻፈችባቸው። መጀመሪያ ሴቶች መጡ፤ ቀጥሎ ጦረኞች፣ ጦራቸውን ደጃፍ ላይ አስደግፈው። ዶርጋን በመጨረሻ መጣ፤ ሁሉም ለምሳ ሲበተን፣ ብቻውን።

«ይህ ምን ይመስላል?» አለችው።

«ቀንበር።»

«መ ነው። ምንጭ የሚጀምረው ከዚህ ቤተሰብ ነው።»

«ቀንበር መሆኑ አልቀረም» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱም ተመልሶ መጣ።

ኢልማት ከጎተራው ወጥታ ያየችው ነገር የለም። ብርሃኑ በበሩ ይገባል፤ የሰው እግር ይገባል፤ ይወጣል። የእሷ እግር ከደፉ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ከዚያ ባሻገር ውሃው ይሰማታል፤ አንድም ቀን አልነካችውም።

የበጋው መውጫ ደረሰ። አለፈ። አንድ ጥዋት ደፉ ላበው፤ ኢልማት «ደህና አደራችሁ» ስትል ድምፅዋ ከመካከሉ ተሰበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ አቆመች። ጨዋታ አቆመች። የቀራትን ድምፅ ለፊደል ብቻ አደረገችው።

«ዝም በይ!» አለ ዶርጋን። «ቆጥቢው እንጂ!»

ራሷን ነቀነቀች፤ ጣቷን በግድግዳው ላይ ወደሚቀጥለው ፊደል አሳለፈች።

ሊታገሥ አልቻለም። «ሂጂ! የምሽጉ በር ይኸው ተከፍቷል። ማንም አይይዝሽም፤ ሂጂ በቃ!»

ኢልማት እግሯን አነሣች። ከደፉ በላይ አየር ላይ ቀረ። ልትገፋው ሞከረች፤ ላብ በግንባሯ ወረደ፤ እግሩ አልሄደም። ዶርጋን ያንን እግር ለረጅም ጊዜ አየው። በሰምበላ አንድ ሽማግሌ ከደፍ ወዲያ ቆመው «ቀስ ብለህ አንብብ» ሲሉት፣ በችኮላ ጀርባውን እንደሰጣቸው ታወሰው።

የመጨረሻ ድምፅዋ ቃል አልነበረም፤ ፊደል ነበር። ዶርጋን ተቀብሎ ደገመው።

ጉድጓዱ ጎድሎ ጭቃው ሲታይ፣ ግራ እግሯም ወለሉን መጥረግ ሲጀምር፣ ከደጃፍ የታወቀ ጩኸት ተሰማ።

«ኧረ ወግዱ! ወግዱ! አለቃ ናቸው!»

ሞርካ በቅሎ እየሳበ ወደ ግቢው ገባ። በበቅሎዋ ላይ አለቃ ውብራን ነበሩ፤ መጽሐፉ በደረታቸው ታስሯል።

«ፊደል የሚያውቅ የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ አነበበው!» አለ ሞርካ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ምንጩ ተመለሰ! አባትሽ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ! ሽማግሌዎቹ ግን፣ አላልኩሽም? የመጻሕፍት ቤቱን ቆለፉት። አባትሽ መናገር አይችሉ፤ ለመኑ በእጃቸው፤ እንቢ አሏቸው። አንድ ቀን መጥረቢያ አንሥተው የገዛ ቤታቸውን በር ፈለጡት! መንገዱን ማን አሳየን መሰለሽ? ያ የጨው ዘምቦር። አፍንጫው አሁንም ወደ አንቺ ነው... ምነው ዝም አልሽ? ኢልማት?»

ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ።

አለቃ ውብራን እግራቸውን እየጎተቱ ደፉን ተሻግረው ገቡ። አባትና ልጅ ድምፅ ሳይኖራቸው ተያዩ። እሳቸው ጉሮሮዋን በጣታቸው ጫፍ ነኩ። እሷ እጃቸውን ይዛ ሳመችው፤ በመዳፋቸው የመጥረቢያው እጀታ ያወጣው ቁስል ነበር።

ኢልማት መጽሐፉን ከአባቷ ተቀብላ ለዶርጋን ሰጠችው።

መስፍኑ በሕዝቡ ፊት፣ በጉድጓዱ አፍ ቆመ። ከፊት ጀመረ። ይሰናከላል፤ ይመለሳል፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ ያስከትላል። አንድ ቦታ ላይ ጨርሶ ቆመ። ኢልማት በሩቁ ሁለት ጣቶቿን አጥፋ የቀንበር ቅርጽ ሠራች። «ም...» አለ ዶርጋን፤ «ምንጭ።» ከምድር ሥር ያ ሳል ተሰማ። ሳቁ ተከተለ።

ኢልማት ደፉን ተሻገረች። እያነከሰች እስከ ጉድጓዱ ሄዳ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ ሳታወጣ ብዙ ቆየች።

ቀጣዩ ንባብ የሰምበላ ነበር። መጽሐፉ መሄድ አለበት፤ ያለ ዋስም አይወጣም። ሞርካ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደፊት ሊራመድ ሲል ዶርጋን ቀደመው። ካባውን አውልቆ በደፉ ላይ ተንበረከከ፤ መዳፉን በጥቁሯ ድንጋይ ላይ አኖረ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አለ።

ሞርካ በቅሎዋን አዞረ። አለቃና ልጃቸው፣ ሁለቱም በግራ እግራቸው እያነከሱ፣ ወደ ምሽጉ በር ሄዱ። ዶርጋን ከደፉ ወዲያ ቆሞ ተመለከታቸው። በውስጥ ተማሪዎቹ ግድግዳውን ጮክ ብለው ያነብባሉ።

«ቀስ ብላችሁ አንብቡ!» ሲል ጮኸ።

ሁለተኛውን ግማሽ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አልደፈረም። ኢልማት ዘወር አለች፤ ድምፅ በሌለው ከንፈሯ፣ ከሩቅ እንዲታየው እያንዳንዱን ፊደል ለይታ፣ የቀረውን ሞላችለት።