እግረኛው አልተሻገረም

«መኪና ገጭቶት ነው፤ ባልተፈቀደ ቦታ ሲሻገር። ጻፊና ዝጊው!» አለ አለቃዋ በስልክ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ እያየች ነበር። ሰውዬው ከሰፊው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ረጅም ግንብ ሥር አስፋልቱ ላይ ወድቆ ንጋት ላይ ነው የተገኘው። የከተማ ፕላን ተመራማሪ ነበር፤ መኪና አልነዳም ብሎ በእግሩ ስለሚኳትን ባልደረቦቹ «እግረኛው» ይሉታል። ከግንቡ በላይ የሚሠራበት ቢሮ በረንዳ ይታያል።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። አልዘጋውም።»

የሟቹ ሚስት ከፖሊሱ ገመድ ወዲያ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ተቆጥታለች።

«እህቴ፣ ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ አለ። መንገዱን በአጥር ዘግተው ሰፈራችንን ለሁለት ሊከፍሉት ነው። ባሌ ‹ሰው የሚሞተው በራሱ ጥፋት አይደለም› ብሎ ሊከራከራቸው ነበር። አሁን ሬሳውን ማስረጃ አድርገው፣ ‹ይኸው፣ እሱ ራሱ በግዴለሽነት ሞተ› ሊሉ ነው! እኔ ቆሜ እያለሁ? አይሏትም!»

መርማሪዋ ከቢሮው በእግር የሚያወጡትን መንገዶች ልትሞክር በመኪና ዞራ ወደ ቢሮው ወጣች። በመጀመሪያ ከቢሮው ደጃፍ ወደ ማዶ የሚያሻግረውን የእግረኞች ድልድይ ያዘች፤ ጥቂት ቆይታ በወጣችበት ተመልሳ ወረደች። ከዚያ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ከቢሮው በር ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱን በሚያቋርጠው የእግር መንገድ ሄደች። ትናንት አመሻሽ ከጣለው ዝናብ ገና አልደረቀም፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ጫማዋን አየችና «አሃ!» አለች።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ከሟቹ ጋር ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መሐንዲሱ ግንባሩን ደጋግሞ ይጠርጋል። «ስለ ድልድዩ ልትጠይቂኝ ነው?» አለ፣ ማንም ድልድይ ሳያነሳበት።

«ስለ ትናንት ማታ ነው።»

«እ... እኔማ ወዲያው በሰርቪስ ሄድኩ።» ሾፌሩም አረጋገጠለት።

የመናፈሻ ባለሙያዋ ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ «እሱና ኃላፊያችን ተጣልተው ነበር» አለች። «‹ጥፋቱ የእግረኛው ነው› በሚል ጥናት ላይ ፈርም ቢሉት፣ ሞቼ ነው ቆሜ አለ። ‹እርስዎ አንድ ቀን እንኳ በእግርዎ ተሻግረው አያውቁም! ነገ በሰው ሁሉ ፊት ድልድዩን አሻግርዎታለሁ› አላቸው። እኔ ጥያቸው ወጣሁ።»

«በየት በኩል?»

«በጭቃው ነዋ! ሌላ በየት አለ? እሱ ቤት ገብቼ እግሬን ታጠብኩ፤ ከሚስቱ ጋር ስንጠብቀው አመሸን።»

በረንዳው ላይ ባለሙያዋ የተከለቻቸው አበቦች በእግር ተረጋግጠዋል። መርማሪዋ እጇን ብትሰድ የሟቹን መነጽር አገኘች።

ኃላፊው ግን ዘና ብሎ ነው የጠበቃት። «እኔ ቀድሜው ነው የወጣሁት። መኪናዬ ጋራዥ ስለገባ በእግሬ በድልድዩ ተሻገርኩ፤ በመናፈሻው በኩል ደረጃውን ወርጄ ቤቴ ገባሁ። ምስኪን! እንደኔ በድልድዩ ቢሄድ ኖሮ ምን አለበት?»

«እውነትዎን ነው» አለች መርማሪዋ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም።

ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ድልድዩ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋም ደም ሥሩ ተገታትሮ ደረሰ።

«ዝጊው አላልኩም?»

«ሰውዬው አልተሻገረም ጌታዬ። በእግር ለሚወርድ ከቢሮው እስከ አስፋልቱ ጭቃ ነው፤ የሱ ጫማ ግን ጠብታ ጭቃ የለበትም። ከላይ ነው የወደቀው። መነጽሩ በረንዳው ላይ፣ ከተረጋገጠው አበባ መሐል ተገኝቷል። እዚያ ትግል ነበር። ለመሐንዲሱ ሾፌሩ፣ ለባለሙያዋ የሟቹ ሚስት ይመሰክራሉ። የቀሩት ኃላፊው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በድልድዩ ሄጃለሁ ብለዋል። እስቲ ጌታው፣ ይምሩን።»

ኃላፊው ደረቱን ነፍቶ ቀደመ። ማዶ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ከፊቱ የብረት አጥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ባዶ አየር። መውረጃ የሚባል ነገር የለም። መንገደኛ ከታች እንዳያየው ጥቅጥቅ ያሉ ዛፎች ጋርደውታል።

«ደረጃው... ፕላኑ ላይ አለ እኮ!»

«ፕላኑ ላይማ አለ» አለች መርማሪዋ።

መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ። «በጀት አልቆ ሳይሠራ ቀረ። ተጠናቋል ብዬ ሪፖርት አደረግኩ።»

«እኔንም በዛፍ ሸፍኚው አልከኝ» አለች ባለሙያዋ በንዴት።

«እግረኛው ሊያሳይዎት የነበረው ይህንን ነው» አለች መርማሪዋ ለኃላፊው። «አንድ ቀን በእግርዎ መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ውሸትዎን እንኳ ያሳምሩት ነበር።»

ኃላፊው አጥሩን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። «በገዛ ቢሮዬ አዋረደኝ... ገፋሁት» አለ። ካቴናውን ያወጣው አለቃዋ ራሱ ነው።

የስብሰባው አዳራሽ መንገዱን ተሻግሮ ነው። የሟቹ ሚስት ነጠላዋን አጠበቀች። «እሱ ሊናገር የነበረውን እኔ እናገራለሁ» አለች፤ «የምሄደውም በሱ መንገድ ነው።» ወደ ጭቃው ወረደች። የሰፈሩ ሰው ግር ብሎ ተከተላት። የመኪና ክላክስ አካባቢውን አናወጠው።

መርማሪዋ አስፋልቱ መሐል ገብታ እጇን ዘረጋች። «ቁም!» ብላ ጮኸች። «ሰው እየተሻገረ ነው!»