አንድ አንድ በሬ

ናጅዋና ዛኪር ሲለያዩ፣ እንደ ባልና ሚስት ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት አካፈላቸው። ቤት የለ፣ ልጅ የለ፣ ከብት የለ። የነበራቸው አንድ ጊታርና አንድ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ ሳጥን ብቻ ነው።

«ቆንጥር» የሚባል የፓንክ ባንድ ነበራቸው። ፓንክ ለማያውቅ ሰው፣ ሦስት ኮርድና አንድ ኩንታል ጩኸት ማለት ነው። እሷ ጊታሩን ትመታለች፣ እሱ ይዘፍናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቶቿን ሳይሆን ዓይኖቹን እያየች ተጫወተች።

ከዚያ ሐራ ላይ ሰርግ ተጠሩ። ባለሰርጉ ዛኪርን ጥግ ወስዶ በጆሮው የሆነ ነገር አለው። ዛኪር ሲመለስ መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ናጂ፣ ለዛሬ ብቻ መኪና ውስጥ ቆዪ። ሴት ጊታር ስትመታ አንወድም አሉ።»

መኪና ውስጥ ሆና ሰማችው። ያለ እሷ ዘፈነ። አምሮበትም ነበር፤ አንጀቷን ያሳረራት ይሄ ነው። በዚያው ተለያዩ።

ያካፈሏቸው አባባ አብዱልሐሊም፣ የመርሳ ገበሬ፣ የሁለቱም ቤተሰብ ሽማግሌ ናቸው። ጢማቸውን እያሹ አሰቡና «ለሷ ጊታሩ፣ ለሱ ሳጥኑ» ብለው ፈረዱ።

«አባባ፣ ጊታሩ ያለ ሳጥኑ እኮ ድምፅ የለውም!» አለች ናጅዋ።

«አንድ በሬስ ብቻውን መቼ ያርሳል?» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ናጅዋ፣ ሰውዬው ስለ ኤሌክትሪክ ምን ያውቃሉ ብላ ተወቻቸው።

መጀመሪያ የገባችው ግርማ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች የሰርግ ባንድ ውስጥ ነው። «ቀስ በይ፣ ናጅዋዬ፣ ሙሽራዋን አስበረገግሻት!» እያለ ሦስት ወር አሰቃያትና አሰናበታት። ቀጥሎ ወልዲያ አንድ ሆቴል ገባች። እዚያ ደግሞ ትዝታን በሩጫ ስትመታው አንድ እንግዳ ሹካቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ የሚያባርርሽ አለ እንዴ?» አሏት።

አለ፣ አለች በሆዷ።

ሦስተኛው ባንድ ግን የራሷ ሆነ። ሜሮን ድራም፣ ሁሪያ ቤዝና ዘፈን። እሁድ ከሰዓት መርሳ አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጫወቱ ወረቀት ሁሉ ለጥፈዋል። አርብ ዕለት የተዋሱት አምፕሊፋየር ጢስ ተፍቶ ሞተ።

«እሁድ ካልተጫወትን እኔ ኮምቦልቻ ነኝ» አለች ሜሮን። «እህቴ ሥራ አግኝታልኛለች። ባንዱም እዚህ ላይ አበቃ። የዛኪር ሳጥን አለ አይደል?»

«ሞቼ ነው የምጠይቀው!»

«ሙቺያ። እኛ ግን እንጫወት።»

ዛኪር ሲሪንቃ ስልክ ይጠግናል። ናጅዋ ሱቁ ስትገባ አንገቱን ቀና አድርጎ አያት፤ የያዘው ብሎን ከእጁ ወደቀ። ሁለቱም ብሎኑን ሲፈልጉ ብዙ ቆዩ፤ መተያየት ስለፈሩ።

«ሳጥኑን ለእሁድ ፈልጌው ነበር» አለች።

«ይዤው እመጣለሁ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ሳጥኑን አልኩ።»

«የድምፁ ማዞሪያ ላልቷል። በእጅ ካልያዙት ድምፁ ይጠፋል። ጠባዩን የማውቀው እኔ ነኝ።» ያገኘውን ብሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ናጂ፣ ያን ቀን ሐራ ላይ…»

«አትጀምር!»

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። አባባ አብዱልሐሊም ሳይቀሩ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዛኪር ከሳጥኑ ኋላ ተንበርክኮ ማዞሪያውን ያዘ። ናጅዋ የመጀመሪያውን ኮርድ መታች፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ባለአዳራሹ በጎን በር ገባ። ወደ እሷ አልመጣም። ሄዶ የዛኪር ጆሮ ላይ አጎነበሰ።

ናጅዋ ይሄን አጎነባበስ ታውቀዋለች። ይሄን ሹክሹክታ ታውቀዋለች። ሰውዬው ወደ ልጃገረዶቹ በአገጩ ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ ማይኩ፣ ከዚያ ወደ ዛኪር፤ አንተ ዝፈን ማለቱ ነው። ዛኪር መሬት መሬት አየ። እጁ ማዞሪያው ላይ ነው። ትንሽ ብቻ ቢለቀው እሷም ባንዷም ይጠፋሉ፤ «ተበላሸ» ቢል ማንም አያውቅበትም።

መምታቷን አላቆመችም።

ዛኪር ቀና አለ። ባለአዳራሹን ሳይሆን እሷን አየ፤ ዓይኗን፣ ፊት ለፊት። ከዚያ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው።

ጊታሩ እንደ ነብር ጮኸ። ባለአዳራሹ ሁለት ጆሮውን ይዞ እየተሳደበ አፈገፈገ፤ ስድቡን ግን የሰማው የለም። ሕዝቡ ተነሥቶ ዘለለ። ዛኪር በሁለት እጁ ማዞሪያውን እንደያዘ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ አምስቱም ዘፈን እስኪያልቅ ተንበርክኮ ቆየ።

ሲወጡ አባባ አብዱልሐሊም በር ላይ ቆመው፣ ጆሯቸው ውስጥ የወተፉትን ጥጥ ያወጣሉ።

«በሬዎቹ ተቀናጁ?» አሉ።

አሁን ገባት። እዚህ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች አቀናጅተው እንደሚያርሱ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሽማግሌው ያኔ አላካፈሏቸውም፤ አንድ ላይ አስረዋቸው ነው የሄዱት።

«ለማረስ ብቻ ነው፣ አባባ» አለች ፊቷ እየቀላ።

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ?»

ዛኪር ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ጭኖ ጠበቃት። መዳፉ ቆስሏል።

«ነገ ማዞሪያውን አሠራዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ያለ እኔ ይሠራል። ውሰጂው፣ ያንቺ ይሁን።»

ናጅዋ መዳፉን አየች። ጊታሯን ከሳጥኑ ጎን አስገባች፣ እሷም ገብታ ተቀመጠችና ቦታ ለቀቀችለት።

«አታሠራው» አለችው።