ሲጠሩት የማይዞረው ልጅ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በዓይኔ ያየሁት ነው። "ዋሸች" የሚል ካለ... እኔም ውሸት በሆነ ብዬ ብዙ ሌሊት ተመኝቻለሁ።

ወሩ ጥር፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ አስር ሰዓት ገደማ ነበር። ቦታው በሰሜን ምሥራቅ ቡልጋሪያ፣ በረዶ የዋጣት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የልጆች ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ።

እኔ እዚያ ነርስ ነበርኩ። ዶክተር ስታኒሚር የልጆችን የአእምሮ እድገት የሚመረምር፣ ከተማው ሁሉ ቆቡን አንስቶ ሰላም የሚለው ሽማግሌ ነበር።

አንድ የሚወደው ምርመራ ነበረው። ልጁ ትንሿ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ ፊት ለፊቱ ሆኜ በእንጨት ኩብ አጫውተዋለሁ። ዶክተሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ይመጣና ስሙን ይጠራል።

ከዞረ ጥሩ። ካልዞረ...

ደህና ሐኪም፣ ልጅ ስላልዞረ ብቻ አይፈርድም። ጆሮውን ያስመረምራል። እናቱን ቁጭ አድርጎ ያነጋግራል። "ቤት ውስጥ ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?" ይላል።

ለወንድሜ ግን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀለትም።

እኛ የቡልጋሪያ ቱርኮች ነን። ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የበረዶ ወራት፣ መንግሥት የሁላችንንም ስም በግድ ቀየረው። እኔ ነፊዜ፣ ናዴዥዳ ተባልኩ። ትንሹ ወንድሜ ሬምዚ፣ ራዶስላቭ ተባለ።

ሬምዚ አፉን ቶሎ አልፈታም ነበርና እናቴ እዚያው ክፍል አመጣችው። ይኸው ዶክተር ስታኒሚር ከኋላው ቆሞ "ራዶስላቭ!" አለ። ደጋገመው። የኔ ሚስኪን፣ ቤት ውስጥ ሰምቶት በማያውቀው ስም ለምን ይዞራል? እናቴ ደግሞ የድሮውን ስም እንዳታነሳ ፖሊስ ፈራች።

"የአእምሮ ዘገምተኛ" ብሎ ፈረደበት። ከእናቱ ነጥለው ማሳደጊያ አስገቡት። ብርድ ገደለው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አደግኩ፣ ነርስነት ተማርኩ። መንግሥቱ ወድቆ ስማችን ሲመለስልን ሁሉም የራሱን ወሰደ፤ እኔ ግን ናዴዥዳ፣ በአጭሩ "ናድያ" እንደተባልኩ ቀረሁ። ያ ሰውዬ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ አጠገቡ እንድደርስ።

ልበቀለው ነው የገባሁት። የወንድሜን ስም ከገዛ አፉ ሳልሰማ ላልወጣ።

ያን ቀን የመጨረሻው ልጅ ከእናቱ ጋር ወጥቷል። ኩቦቹን እየሰበሰብኩ ነበር።

"ናድያ... ያ ልጅ አልሄደም እንዴ?" አለ ዶክተሩ።

ቀና አልኩ።

ጥግ ላይ አንድ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። በዚያ ብርድ በካኔቴራ ብቻ። ጸጉሩ ተላጭቷል። እግሩ ባዶ ነው። ከእግሩ ሥር ወለሉ ርሷል... ከበሩ እስከ እሱ ድረስ ግን ደረቅ ነበር።

ማሞቂያው እየሠራ ነው። የዶክተሩ ትንፋሽ ግን ይጨሳል።

"አንተ ልጅ!"

አልዞረም።

ከጆሮው ሥር ጠባሳ አየሁ። ሬምዚን የቤታችን ምድጃ ያቃጠለው ቦታ ነው።

"ስሙ ማነው?" አለ ዶክተሩ።

"ራዶስላቭ ይበሉት።"

"ራዶስላቭ!"

አልዞረም። ግን ወደ እኛ ቀርቧል... እንደቆመ፣ ጀርባውን እንደሰጠ። ሲራመድ አላየሁትም።

"ራዶስላቭ!"

አሁንም ቀረበ።

"ናድያ... ተንቀሳቀሰ?"

"ምን ይሉታል ዶክተር? ዘገምተኛ ነው?"

ቀስ ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ነጥቷል።

"ማነሽ አንቺ?"

"ነፊዜ። እህቱ።"

የልጁ ጀርባ አሁን የዶክተሩን ጋውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል።

"እውነተኛ ስሙን ንገሪኝ..." አለ በሹክሹክታ። "በእናትሽ!"

"በእናቴ? ያኔ ብትጠይቃት ኖሮ ትነግርህ ነበር።"

"ንገሪኝና... ዞር ይበልልኝ።"

ብከለክለውም እችል ነበር። ግን ያን ያህል ዓመት የጠበቅኩት ይህችን ነበር።

"ሬምዚ ነው።"

"ሬ... ሬምዚ።"

ልጁ ዞረ።

ፊቱን አላየሁም፤ ዶክተሩ ከልሎብኛል። ያየሁት የዶክተሩ ትከሻ ወደ ውስጥ ሲሟሽሽ ብቻ ነው። ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁና እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ናድያ!" ይላል ከውስጥ። "ናድያ! ናድያ!"

ስሜ አይደለም። አልዞርኩም።

ድምፁ ሲጠፋ ከፈትኩት። ልጁ የለም። ዶክተር ስታኒሚር የልጆቹ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ግድግዳውን ያያል። ባልደረቦቹ መጥተው "ስታኒሚር!" ቢሉት፣ ቢጮሁበት... ወይ ፍንክች።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ። አረጋውያን መጦሪያ አስገቡት። አልራራሁለትም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

በረዶው ሲቀልጥ፣ ደስታዬን ልጨርስ ብዬ ልጠይቀው ሄድኩ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀምጧል። ሰው ሠራሽ ጥርሱ አጠገቡ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል።

ከኋላው ቆምኩ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም...

"ሬምዚ" አልኩ በቀስታ።

ዞረ።

ሳቀልኝ... በዚያ በተሸበሸበ አፍ ውስጥ፣ ነጫጭ ትንንሽ የወተት ጥርሶች በቅለዋል።