ብርማው ወረቀት ሲያልቅ

አጥናፉ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተመለሰ ኮቱን ሳያወልቅ ማተሚያውን ያስነሳል። ወንድሙ ከውጭ ያመጣለት፣ ቴሌቪዥን ላይ ከሚሰካው የቤት ኮምፒዩተር ጋር አብሮ የመጣ ትንሽ ጥቁር ዕቃ ነው። ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም፤ በጠባብ ብርማ ወረቀት ላይ ቀጭን ሽቦ ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ፣ በፍንጣሪ እየጠበሰ ፊደል ያወጣል። ሲሠራ ይንጫጫል፣ ይንጫረራል፣ ቤቱንም የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ይሞላዋል።

ጎረቤት ለጠየቀው ፈተና ነው የማትመው ይላል። እውነቱ ግን ከጣሪያው በታች፣ ኮርኒሱ ውስጥ ነው። አንድ ልጁ ይልቃል ከውትድርና አፈሳ ተደብቆ እዚያ ተኝቷል፤ ሳሉ አልለቀው ብሏል። ከሰፈሩ የታፈሱት ልጆች አንዳቸውም አልተመለሱም። የቀበሌ ጥበቃዎች በበሩ ሲያልፉ ሳሉን የሚሸፍንለት ይህ ጫጫታ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት አጥናፉ ወደ ትምህርት ቤት ሊወጣ ሲል፣ ለለቅሶ ወደ መንዝ የምትሄደው ሚስቱ ዘነበወርቅ፣ «ስንቁንም ውሃውንም አስቀምጬለታለሁ። ኮርኒሱን እንዳትከፍት፣ እንዳትጠራውም» አለችው።

ማክሰኞ የወረቀቱ ጥቅልል እየሳሳ መጣ። እንዲህ ያለ ወረቀት እንኳን ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባም አይገኝም። ረቡዕ ከሰዓት የጥበቃዎቹ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ የመጨረሻዋ ቁራጭ ወጥታ ማሽኑ ጸጥ አለ። ከላይ ሳል ተሰማ። አጥናፉ በልቡ ልጄን በላሁት አለ።

ወዲያው ከኮርኒሱ ያ ጫጫታ ተነሳ። ያው መንጫረር፣ ያው መመላለስ።

«አሁንም ፈተና ነው፣ መምህር?»

«አሁንም ነው።»

አለቃው ሄደ። አጥናፉ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ልጁ ማሽኑን በአፉ አስመስሎ ሁለቱንም አተረፋቸው!

ጫጫታው ግን አላቆመም። መሸትሸት ሲልም ቀጠለ፤ ትንፋሽ እንኳ አይወስድም። የተቃጠለው ፀጉር ሽታም አሁን የሚወርደው ከላይ ነው።

«ይበቃል ይልቄ፣ ሄደዋል» አለ አጥናፉ በሹክሹክታ።

ጸጥ አለ። ከዚያ የልጁ ድምፅ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ እየጣለ፣ «አ… ባ… ባ… ጠ… ማ… ኝ» አለው።

እናቱ እንዳትከፍት ብላለች፤ የጠማው ግን ልጁ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ሳንቃውን ገፋ አድርጎ ኩባያውን ወደ ጨለማው ዘረጋ። የተቀበሉት ጣቶች በረዶ ነበሩ፤ ጫፋቸው እንደ ወረቀቱ አብለጨለጨ። አቧራ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ሐሙስ ዘነበወርቅ ተመለሰች። በሩን ዘግታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ይልቃልን ወንድሜ ዘንድ አድርሼዋለሁ። ሰኞ አንተ ክፍል ሳለህ ጥቁር ቀሚስ አልብሼ፣ በነጠላ ሸፍኜ ከለቀስተኞቹ ጋር አወጣሁት። ይዘው ቢመረምሩህ ሆድህ አይችልም ብዬ ነው ያልነገርኩህ፤ ይቅር በለኝ።»

አጥናፉ ክንዷን ጨምድዶ ያዘ። ከራሳቸው በላይ ሳንቃው ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፤ የልጃቸው ድምፅም፣ አሁን ምንም ሳይቆራረጥ፣ «አባባ፣ እማዬ መጣች አይደል? ወደ ላይ ላካት» አለ።